«ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም» ይባላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ታላቅ እህቴ ነርስ ናት። ሰሞኑን አንዲት ጎረቤታችን ወድቀው እጃቸውን ራጅ ተነሡ። ሲመለሱ «ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም አሉኝ» ብለው ነገሩን። እህቴ «ስንጥቅም እኮ ስብራት ነው» አለች። እኔ ደግሞ «ለሁለት ካልተለየ ስብራት አይባልም» ብዬ ተከራከርኩ። ማናችን ነን ልክ? እነዚህን ቃላትስ በአማርኛ እንዴት ለይተን እንጠቀምባቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በየሙያችሁ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ግን የእህትህ አባባል ሰውን ከጉዳት የሚያድን ስለሆነ ከእሷ ልጀምር።

በሕክምና ቋንቋ የአጥንቱ ወጥነት ከተቋረጠ ስብራት ነው። መስመሩ ፀጉር ቢያክልም፣ አጥንቱ ደቅቆ ቢበታተንም ስሙ ያው ነው። ስንጥቅ ከስብራት ዓይነቶች አንዱ ነው። «ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም» ማለት «ካፊያ ነው እንጂ ዝናብ አይደለም» እንደማለት ነው። ካፊያም ያበሰብሳል።

ይህች ዐረፍተ ነገር የእኛንም ቤት ጎድታለች። አክስቴ ከደረጃ ላይ ተንሸራተው በእጃቸው ተደግፈው ወደቁ። ራጅ ያነበበው ሰው «አይዞዎት እናቴ፣ ተሰንጥቋል እንጂ አልተሰበረም» አላቸው። ሊያጽናናቸው ብሎ ነው። እሳቸው ግን «አልተሰበረም» የሚለውን ብቻ ይዘው ወጡ። ወለምታ ነው ብለው ገመቱ። ሳምንት ሳይሞላ ማሰሪያውን ፈትተው ምጣድ ፊት ተቀመጡ። አጥንቱ ከቦታው ተንሸራተተና ጠምሞ ገጠመ። ያ እጅ ዛሬም ሙሉ ለሙሉ አይዞርላቸውም። ምርመራው ትክክል ነበር። የጎዳቸው አነጋገሩ ነው።

ለምን እንደዚያ ሰሙት? በዕለት ተዕለት አማርኛ «ተሰበረ» የምንለው ነገሩ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው ነው። አዲስ አበባ ሰባራ ባቡር የሚባለውን ሰፈር አስበው። ስሙ የመጣው ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ካስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ነው። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ይለው ነበር። ባቡሩ ተበላሽቶ ቆሞ ቀረ፤ ሰባራ ለመባል ለሁለት መከፈል አላስፈለገውም። እንግዲህ በዚህ አማርኛ ያደገ ሰው «አልተሰበረም» ሲባል የሚሰማው «ይሠራል» የሚል ነው። የተሰነጠቀ እጅ ደግሞ እያመመም ቢሆን ጣት ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ይታመናል።

አሁን ወደ አንተ ሙያ ልምጣ። በምህንድስና ስንጥቅና ስብራት የአንድ ነገር መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው። ድልድይ ወይም አውሮፕላን ላይ ትንሽ ስንጥቅ ሊገኝ ይችላል። ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ክትትል ይደረግበታል። ስብራት የሚባለው ስንጥቁ ሮጦ አካሉን ሲለያየው ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት ይህንን በብርጭቆ አሳይቷል። ስንጥቁ በረዘመ ቁጥር ለመስበር የሚበቃው ጉልበት ያንሳል። ከሆነ ርዝመት ካለፈ የሚያቆመው የለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ስኬኔክታዲ የምትባል አዲስ የነዳጅ መርከብ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ውስጥ ታስራ ቆማ ነበር። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር። በድንገት ከመሃሏ ጓ ብላ ተከፈለች። የላይኛው ወለልና ሁለቱ ጎኖቿ ተለያዩ። የታችኛው ብረት ብቻ አያይዟት ቀረ። ይህቺ መርከብ ተሰነጠቀች ልበል ተሰበረች? ያልተለያየ ብረት ቢቀራትም፣ እኔ ያለ ጥርጥር ተሰበረች እላለሁ። ሰባራ ባቡርን ያስተማረን አማርኛ እዚህም ይሠራል።

ስለ ስንጥቅ ስናወራ የምንረሳው አንድ ቃል አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። «ነቃ» ነው። እንስራ ነቃ፣ ምጣድ ነቃ እንላለን። ነቅ የምንለው ሸክላው ሳይለያይ በላዩ የሚሄደውን ቀጭን መስመር ነው። ቃሉ ከእንቅልፍ ከሚነቃው «ነቃ» ጋር ዝምድና የለውም። በግእዝ ሁለቱ ይለያሉ። የእንቅልፉ «ነቅሀ» ነው፤ የሸክላው «ነቅዐ»። ነቅዕ ማለት ምንጭ ነው፤ መሬቱ ተሰንጥቆ ውሃ የሚወጣበት። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ሲጥላቸው ሁለቱ ግሦች አንድ መስለው ቀሩ። በበጋ መሬት ላይ የምናየው ንቃቃትም የዚሁ የሁለተኛው ቤተሰብ ነው።

ገበያ ላይ እንስራ የሚገዙ እናቶችን አይተህ ታውቃለህ? በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጣሉ። ድምፁ ጥርት ካለ ይገዛሉ። ሻከር ካለ ነቅ አለበት። የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችም የፉርጎውን ጎማ በመዶሻ እየመቱ የሚያዳምጡት ለዚሁ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ ሲመታ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚሰጥ ሹካ መሰል ብረት አጥንት ላይ አሳርፈው ድምፁ ወዲያ ጫፍ መድረሱን ያዳምጡ ነበር። ለዓይን የማይታየውን ቀጭን ስንጥቅ «ነቅ» ብትለው እኔ በደስታ እቀበልሃለሁ። በእጃችን ያለ ቃል ነው።

ሌላም ልጨምርልህ፤ ጋራዥ ገብተህ ስማ። ባሌስትራ ይሰበራል። ቡሎን ይቆረጣል። የፍሪሲዮን ካቦ ይበጠሳል። ቆርቆሮ ይቀደዳል። ከሰውነታችንም አጥንት ይሰበራል፣ ጅማት ይበጠሳል፣ ጥርስ ይሸረፋል። እነዚህ ግሦች እንዲሁ አልተበተኑም። በአብዛኛው ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። የተበጠሰ ነገር ተወጥሮ ነው። የተቆረጠ ቡሎን ሁለት ብረቶች በጎን ተንሸራተውበት ነው። የተሰበረ ነገር ታጥፎ ወይም ተመትቶ ነው። የምህንድስና መምህሮችህ ይህንን ለማስረዳት ረጅም ሐረግ ያስፈልጋቸዋል። መካኒኩ በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል። የቤተ ሙከራ ሪፖርት በአማርኛ ስትጽፍ ሁሉንም «ተሰበረ» ብለህ አታደባልቀው። እባክህ።

ሽቦን ደጋግመህ ብታመላልሰው በመጨረሻ ይበጠሳል፤ አንዴ ብታጥፈው ግን ምንም አይሆንም። ብረት እንዲህ በተደጋጋሚ ጫና ሲሸነፍ አንዳንዶች «የብረት ድካም» ይሉታል። እኔ «ዝለት» እመርጣለሁ። «ዝለትም እንደ ድካም አርፈህ ይለቅሃል፤ የብረቱ ግን አይለቅም» ብለህ ትሞግተኝ ይሆናል፤ ክንድም ሲዝል አርፎ ይመለሳልና። እውነት ነው። ግን «እጄ ዛለ» የምንለው ያንኑ ነገር እየደጋገምን ስንሠራ ነው፤ ድካም ከዚህ የሰፋ ነው። ደግሞም ቃሉ ለአጥንት ይመጥናል። ብራይትሃፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ብዙ መንገድ የተጓዙ ወታደሮች እግራቸው እያበጠ እንደሚያማቸው ጻፈ። ራጅ ገና አልነበረም። ኋላ በራጅ ሲታይ የእግር አጥንት ስንጥቅ ሆኖ ተገኘ። አልወደቁም፣ አልተመቱም። አጥንታቸው ዝሎ ነው። «የዝለት ስብራት» ብንለው እህትህም አንተም ትግባባላችሁ።

ብረትና አጥንት የሚለያዩበት ቦታም በቃላችን ውስጥ አለ። ብረት ይበየዳል፤ አጥንት ግን ራሱ ይገጥማል። እኛ የምንረዳው ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው። የሕፃን አጥንት ደግሞ ለጋ ስለሆነ እንደ እርጥብ እንጨት ባንድ ጎኑ ተሰንጥቆ በሌላው ጎብጦ ይቀራል። ወላጅ «እሰይ፣ አልተሰበረም» ብሎ ዝም እንዳይል። ያም ስብራት ነው።

ወለምታና ውልቃት ግን ሌላ ናቸው። ወለምታ የጅማት ነው፤ ውልቃት አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ሳይለዩ ማሸት አደገኛ ነው።

ለእህትህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ስንጥቅ ላለበት ሰው «አጥንትዎ ተሰብሯል፤ ስብራቱ ስንጥቅ ነው፤ ከቦታው አልተንሸራተተም፤ እንዳይንሸራተት ደግሞ ጄሶው እስኪፈታ አይንኩት» ትበል። አራት አጫጭር ሐረጎች ናቸው። ማጽናኛው ሦስተኛው ላይ ነው። ለጎረቤታችሁም ዛሬውኑ ሄዳችሁ በዚሁ ቅደም ተከተል ድገሙላቸው።