የዛገ የፍሬን ቱቦ፦ መቀጠል ወይስ መቀየር? (መልስ)

የቆየው ፒካፕዎ የኋላ ፍሬን ቱቦ ዝጎ ዘይት ማንጠባጠብ እንደ ጀመረ ገልጸው፣ የተበላውን ብቻ ቆርጦ መቀጠል ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ አልመክርም፤ ቱቦው በማሰሪያው ሥር፣ ጭቃና እርጥበት በሚቋጠርበት ቦታ ከተበሳ፣ ሌላውም ቦታ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ ሊማሊሞን ለሚወርድ መኪና ደግሞ ይህ የሚደፈር ነገር አይደለም።

ተራ የመዳብ ቱቦ በእጅ ስለሚታጠፍ ለሥራ ይመቻል፤ ነገር ግን በንዝረት ብዛት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ለፍሬን የተሠራ የብረት ቱቦ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ይግዙ። የቱቦው ውፍረት ከውጭ ወደ ውጭ ሲለካ በብዙ መኪኖች 4.75 ሚሊ ሜትር ቢሆንም አሮጌውን ይዞ ማመሳከር ይሻላል። የቱቦው ጫፍ በአፍ ማስፊያ መሣሪያ ተከፍቶ ወደ ውስጥ በድርብ ካልታጠፈ በግፊት ጊዜ ሊያፈስ ይችላል። ሲጨርሱ በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ዓይነት ዘይት ሞልተው ከማጠራቀሚያው ከሚርቀው ጎማ ጀምረው ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ያውጡ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ከለሰለሰ አየር ቀርቷል ማለት ነው።