መርፌ ወጋኝ፤ ለማን ልንገር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ነርስ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ትናንት የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ለምርመራ ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ልከድን ስል ጓንቴን በስቶ አመልካች ጣቴን ወጋኝ። ደሙን ጨምቄ አወጣሁና አልኮል አፈሰስኩበት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ኃላፊያችን በሰው ፊት ነው የምትጮኸው። ታካሚው ጤነኛ ይመስላል። ዝም ብል ምን ይመጣብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊዜው እንዳያልፍብሽ ለአንቺ ደብዳቤሽ እንደደረሰን በስልክ መልሰናል። እዚህ የምናወጣው የተወጋ ጣታቸውን ደብቀው ለሚሠሩት ሌሎች ነው።

ዝም አትበይ። ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት፣ እናንተ ፔፕ የምትሉት፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሠራም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ደግሞ በጣም ይሻላል። የሚወሰደው ለ28 ቀን ነው። የታካሚው ውጤት እስኪመጣ መጠበቅም የለብሽም፤ ጀምሪ፣ ነፃ ከሆነ ሐኪሙ ያስቆምሻል። "ጤነኛ ይመስላል" ያልሽውን ግን ተዪው። መልክ አይቶ ደም ማወቅ ቢቻል ኖሮ ላቦራቶሪ ምን ያደርግልን ነበር?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቫይረሱ ካለበት ሰው መርፌ ከተወጉ 1000 ሰዎች የሚያዙት 3 ገደማ ናቸው። ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ግን ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል፣ ደረቅ ደም ላይም ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ የሚያናድደው ደግሞ ክትባት ያለው ይሄኛው መሆኑ ነው። ሦስቱንም ዙር ወስደሻል? ካልወሰድሽ ዛሬውኑ ጀምሪ። ለሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለም፤ በጊዜ ከታወቀ ግን በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል።

ጣትን መጭመቅ ጥቅም የለውም። አልኮልና በረኪናም ቆዳ ከማቃጠል ሌላ የሚፈይዱት የለም። በሚፈስ ውኃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል። ዓይን ውስጥ ደም ከተረጨ በብዙ ውኃ ማጠብ ነው።

አሁን ወደ ኃላፊሽ እንምጣ። መርፌውን መልሰሽ የከደንሽው ለምንድን ነው? እኔ ልገምት፦ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን፣ ሴፍቲ ቦክሱ፣ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ወይም እስከ አፉ ሞልቷል፣ አንቺም ራቁቱን መርፌ ይዘሽ በጨለማ በአልጋዎች መሃል መሄድ ፈርተሻል። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ መርፌው ከሚወጣበት አልጋ አጠገብ፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላም ይዘጋል። የግድ መክደን ካለብሽ ክዳኑን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጪና በአንድ እጅ ብቻ በመርፌው ጫፍ አንሺው። ሌላኛው እጅሽ ከኋላሽ ይሁን።

ሪፖርቱን በጽሑፍ አድርጊው፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የመርፌውን ዓይነት፣ ጓንት ማድረግሽን። ደምሽንም አሁኑኑ አስመርምሪ። ይሄ ለምን ይጠቅማል ብትይ፣ ከወራት በኋላ አንድ ነገር ቢገኝብሽ በዚያች ሌሊት ነፃ እንደነበርሽ የሚመሰክርልሽ ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ካሳም ሆነ ሕክምና ስትጠይቂ "ከሥራ ውጭ ያመጣሽው ነው" ቢሉሽ በባዶ እጅ አትከራከሪም። ኃላፊሽ ትጩህ፤ ጩኸቷ ከተረኝነት ሰዓቷ አያልፍም።

በ6 ሳምንትና በ3 ወር ድጋሚ ትመረመሪያለሽ። እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀሙ፣ ደም አትስጪ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም የምታጠቢ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ታካሚው ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊትም ፈቃዱ ተጠይቆ ይመርመር፤ የሚጠይቀው ግን ሐኪሙ ይሁን እንጂ አንቺ አትሁኚ።