ለበጎ አድራጎት ፖድካስት ለምትጀምሩ ልጆች

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ሁለት ሦስት ወጣቶች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መጡ። «ለምናገለግልበት ማኅበር ፖድካስት ልንጀምር ነው፤ የትኛውን ማይክ እንግዛ?» አሉኝ። ከ30 ዓመት በላይ ሬዲዮ ላይ ሠርቻለሁ፤ ስለ ማይክ ማውራት ደስ ይለኛል። ግን ሥራው ከማይክ አይጀምርም።

መጀመሪያ ስንት ክፍል እንደምትሠሩ ወስኑ። «በየሳምንቱ እንለቃለን» አትበሉ። ስምንት በሉና ስምንቱን ጨርሱ። ሦስቱ ተቀርጸው፣ ኤዲት ተደርገው፣ አልቀው ሳይቀመጡ የመጀመሪያውን አትልቀቁ። በጥሩ ሐሳብ ተነስተው አራተኛው ላይ የቆሙ አይቻለሁ። የሚያወሩት አጥተው አይደለም። ኤዲት የሚያደርግላቸው ልጅ ደሞዝ ያለው ሥራ አግኝቶ ሄደባቸው።

ስለዚህ በጀቱ ውስጥ ከዕቃ በፊት የሰው ጉልበት ይግባ። ማይክ አንዴ ይገዛል፣ ጉልበት ግን በየክፍሉ ይከፈላል። በደንብ የተሠራ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ሁለት ሙሉ ቀን ኤዲት ቢበላ አይግረማችሁ። ጓደኛችሁ በነጻ ቢሠራላችሁ እንኳ ሰዓቱን በብር ተምናችሁ ጻፉት። ለጋሹ ትክክለኛውን ወጪ ይየው። ጓደኛችሁ ሲደክመውም ለሚተካው የምትከፍሉት አታጡም። ለስቱዲዮ ኪራይ ግን አትቸገሩ። መጋረጃ ያለው ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ከአፍ አንድ ስንዝር የራቀ ማይክ ይበቃል።

የአድማጩን ኪስም አስቡ። 30 ደቂቃ ንግግር በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ጥራት ከተቀመጠ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በ64 ኪሎቢት በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ) ሲሆን ግማሹ ነው፤ ለንግግር ደግሞ በቂ ነው። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችሁ ልዩነቱን ልብ አይለውም። ደሴ ሆና የቀን ፓኬጅ የምትገዛ ልጅ ግን ታውቀዋለች። ቴሌግራም ላይ በድምፅ ፋይል አስቀምጡላት።

ገንዘብ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት የማኅበሩን ሒሳብ ሠራተኛ አማክሩ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የማኅበሩ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ፖድካስቱ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ተያይዞ ካልታቀደ እዚያች ጠባብ ቋት ውስጥ ገብቶ ከቢሮ ኪራይ ጋር ሊጋፋ ይችላል። ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ጀምሮ አብሮ ይግባ። ስፖንሰር ከመጣም፣ ምን እንደሚወጣና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ማን እንደሆነ ብሩ ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ።

አሁን በብዙ በጀት ላይ ወዳጣኋት አንዲት መስመር ልምጣ። እኔ «መመለሻ» እላታለሁ።

ወጣት እያለሁ ለአንድ ድርጅት ፕሮግራም ስሠራ አንዲት እናት አነጋገርኩ። ስሟን ቀየርነው፣ ሰፈሯንም አልጠራንም። ይበቃል ብዬ አስተላለፍኩት። ጎረቤቶቿ በድምፅዋ አወቋት። ሳቋን፣ «ምን ላድርግ እቴ» የምትላትን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ልጇ ትምህርት ቤት መዘባበቻ ሆነ። ይቅርታ ልጠይቃት ስሄድ ቡና አፍልታ ተቀበለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ችግሩን የነገረኝን ሰው ድምፅ እሱ ራሱ ሳይሰማው አላስተላለፍኩም። ያለቀውን ይዤ እመለሳለሁ። ይህ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፦ የሁለተኛ ጉዞ ትራንስፖርት፣ የእናንተ ቀን፣ ሥራዋን ትታ ለምትቀመጥላችሁ ሴት የዕለት ገቢዋ ማካካሻ። በየክፍሉ ጻፉት። ለጋሹ «ይሄ ምንድነው?» ካለ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ሌላ ነገር መቀነስ ግድ ከሆነ ከክፍሎቹ ቁጥር ቀንሱ። ስምንቱ ስድስት ይሁን።

አንዴ ጉሊት የምትሸጥ ሴት ዘንድ እንዲሁ ተመለስኩ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። እጇ ቲማቲሙን ይደረድራል፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ መልሼ እንዳሰማት ጠየቀችኝ።

«ይቺን ስለ ባሌ ያልኳትን አውጣልኝ» አለች። «ሌላው ይሁን።»

ፕሮግራሙ በ11 ሰከንድ አጠረ።