የጓደኛዬን ሃንድአውት ማስተካከል እንጀራ ይሆነኛል?

ጠያቂያችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጂሲ (ተመራቂ ተማሪ) ናት። ዓይነ ስውር ለሆነች የዶርም ጓደኛዋ ሃንድአውት በኮምፒውተር ድምፅ እንዲነበብላት እያስተካከለች ትሰጣለች። ቤተሰቦቿ «የባንክ ፈተና ተፈተኚ» ይሏታል፤ እሷ ግን ይኸው ሥራ እንጀራ ይሆናት እንደሆነ ጠይቃናለች።

እህቴ፣ ይሆንሻል። በዚህ ስም የሚለጠፍ ማስታወቂያ ከጠበቅሽ ግን ብዙ ትቆያለሽ። የኢ-ለርኒንግ ባለሙያ፣ የዲጂታል ላይብረሪ ሠራተኛ፣ የሶፍትዌር ሞካሪ በሚሉት ውስጥ ፈልጊው፤ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትንም አትርሺ።

ሲቪሽ ላይ «ጓደኛዬን እረዳለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ ደግነትሽን አመስግነው ያልፉሻል። የምትሠሪውን ዘርዝሪው። በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ የተጣለ ፒዲኤፍ ለስክሪን ሪደር (በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ለሚያነበው ፕሮግራም) ፎቶ ነው፤ የሚነበብ ፊደል የለበትም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ሞጁል ደግሞ ይብሳል፦ ለዓይን «ምዕራፍ አንድ» ይላል፣ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ጓደኛሽ ጆሮ የሚደርሰው ዝብርቅርቅ ነው። ያንን ወደ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር የሚታወቅ የራሱ ኮድ ወዳለው ሥርዓት) መቀየር፣ ርዕሱን በወርድ ሄዲንግ ማዋቀር (ቦልድ ስላደረጉት ብቻ ርዕስ አይሆንም፤ መምህራንም ይህን ይስቱታል)፣ ለሥዕልና ለግራፍ መግለጫ መጻፍ ሙያ ነው።

ስለዚህ አንድ ሞጁል ምረጪና ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን አሳዪ። ኤንቪዲኤ የሚባለው ስክሪን ሪደር ነፃ ነው፤ ጫኚው፣ ስክሪኑን አጥፊና በኪቦርድ ብቻ ፋይሉን ዳር አድርሺው። የመጨረሻዋ ፈታኝ ግን ጓደኛሽ ትሁን፤ አንቺ የምታውቂውን ጽሑፍ ስለምትሰሚ ስህተቱ ያመልጥሻል። እግረ መንገድሽን ዳብልዩሲኤጂ 2.2ን አንብቢ፤ ድረ ገጽና መተግበሪያ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ መሆኑ የሚመዘንበት መስፈርት እሱ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽንም እዚሁ ላይ ብትሠሪ ሁለት ጊዜ አትለፊም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ያስተካከልሽውን መጽሐፍ ለሁሉም በቻናል አትበትኚ። መጽሐፍን ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንዲህ አስተካክሎ መስጠትን ኢትዮጵያ የተቀበለችው የማራካሽ ስምምነት የሚፈቅደው በዓይነ ስውርነት ወይም በሌላ ጉዳት ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ነው።

ቀጣሪ «ምን ያደርግልኛል?» ካለሽ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ጥቀሺለት፤ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን የማመቻቸት ግዴታ አለበት።

የባንኩን ፈተና ደግሞ ተፈተኚ፣ ምን ከፋው? ባንክም የሞባይል መተግበሪያ አለው፤ ስም ያልተሰጠው ቁልፍ ላይ ስክሪን ሪደሩ «በተን» ብቻ ብሎ ያልፋል፤ ገንዘብ መላኪያው ይሁን መሰረዣው አይታወቅም። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ የዚያኑ ባንክ መተግበሪያ ሞክረሽ፣ ያገኘሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ያዢ።