መልስ፦ በአየር መውጫው ዙሪያ ስለሚታየው ጥቁር ሻጋታ

ሜሪላንድ በሚገኘው ቤትዎ፣ የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) አየር በሚወጣበት የጣሪያ መከለያ ዙሪያ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳዩና በበረኪና መጥረጉ ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። አይበቃም፤ እርጥበቱ እስካለ ድረስ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በአየር ማቀዝቀዣው ሲስተም ውስጥ ሻጋታ ከተጠረጠረ እንዳይሠራ ይመክራል፣ አየሩ ብናኙን በየክፍሉ ሊበትነው ይችላልና፤ ስለዚህ አስቀድመው ያጥፉት።

ከዚያ መከለያውን በካቻቪቴ ፈትተው በባትሪ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጥቁሩ ነገር ብረቱ ላይ ብቻ ከሆነ (አንዳንዴም ተራ አቧራ ሆኖ ይገኛል) በሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው ይመልሱት። አየሩን የሚያመጣው ቱቦ ከውስጥ በፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር በሚሠራ ነገር) የተለበጠ ሆኖ ልባጡ ከሻገተ ግን ጸድቶ ስለማይጠራ በባለሙያ መቀየር አለበት።

ዋናው ጥያቄ እርጥበቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ፣ በሰመር ወራት የቀዘቀዘው መከለያም እርጥበት አዘል አየር ሲነካው ያልበዋል። የእርጥበት መለኪያ ገዝተው የቤቱን እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ለማቆየት ይሞክሩ፤ ወጥ ሲሠሩም የምድጃውን አየር መሳቢያ ያብሩ። የማሽኑ የውሃ ማስወገጃ ቱቦ ተደፍኖ ውሃ ማቆሩንም ያስፈትሹ። ተከራይ ከሆኑ ፎቶ አንሥተው ለአከራዩ በጽሑፍ ያሳውቁ።