የቨርዥን ቁጥር ሲጋጭ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ጊት ላይ (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) መርጅ ስናደርግ፣ ማለት የተለያዩ ሰዎችን ሥራ ስናዋህድ፣ ቨርዥን ቁጥሩ (ሶፍትዌሩ የቱ እትም እንደሆነ የሚለየው) አስቸገረን ነው የምትሉት፣ እንዳመጣጣቸው ልመልስ።

1.9 ነው ወይስ 1.10 የሚበልጠው?

1.10። ነጥቡ አስርዮሽ አይደለም፣ አስር ከዘጠኝ ይበልጣል፣ በቃ።

ሆትፊክሱን (አስቸኳይ ጥገናውን) 1.4.1 ብለን ለቀቅን፣ ዴቨሎፕ ላይ (ቀጣዩ ሥራ የሚሰራበት ብራንች ላይ) ደግሞ 1.5.0 ነው ያለው፣ መርጅ ባደረግን ቁጥር ቁጥሩ ያለባት አንድ መስመር ኮንፍሊክት (ግጭት) ታመጣለች፣ ጊት ለምን ትልቁን አይመርጥም? ብላ የጻፈችልኝ እህቴ፦

ጊት ቁጥር መሆኑን አያውቅማ! ለሱ ጽሑፍ ነው፣ ሁለት ቦታ ተቀየረ፣ የቱ ይሁን ብሎ ይጠይቅሻል። ወደ ዴቨሎፕ እያስገባሽ ከሆነ 1.5.0ን አስቀሪ። ግን እባክሽ ሙሉ ፋይሉን «የኛ ይሁን» ብለሽ እንዳትዘጊው፣ ሆትፊክሱ እዛው ፋይል ላይ የላይብረሪ (ሶፍትዌሩ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ቨርዥን ቀይሮ ከሆነ አብሮ ይጠፋል።

እኔ ግን ካንቺ ችግር ይልቅ የሚያስፈራኝ ኮንፍሊክት ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሁለት ልጆች ከ1.4.0 ተነስተው በየብራንቻቸው (ለየብቻ በሚሰሩበት የኮድ መስመር) ሁለቱም 1.5.0 ብለው ከጻፉ ጊት ለውጡ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ከሁለቱም ብራንች ቢልድ (ለተጠቃሚ የሚሄደው ሶፍትዌር) ወጥቶ ከነበረ ደግሞ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች ሰው እጅ ገቡ ማለት ነው። ድሮ በሰራሁበት ቦታ ደርሶብናል፣ ደንበኛው «1.5.0 ነው ያለኝ» ይላል፣ እኛ የትኛው 1.5.0 እንደሆነ ስንፈልግ ቀኑ መሸ። ስለዚህ ፊቸር ብራንች (አዲስ ነገር የሚሰራበት ብራንች) ላይ ማንም ቁጥር አይንካ፣ ቁጥር የሚሰጠው ሪሊዝ (ለተጠቃሚ የሚለቀቀው እትም) ሲወጣ ነው፣ እሱንም አንድ ሰው ወይ ሲአይ ሰርቨሩ (ቢልድና ቴስት በራሱ የሚሰራው ማሽን) ይስጠው። ከተቻለም ቁጥሩን ከፋይሉ አውጥታችሁ ታግ (ጊት ውስጥ አንድ የኮድ ሁኔታ ላይ የሚለጠፍ ስም) ላይ አድርጉት፣ ታጉ አኖቴትድ (መልእክት ያለው) ከሆነ «ጊት ዲስክራይብ» የሚባለው ትዕዛዝ የመጨረሻውን ታግ፣ ከሱ ወዲህ ስንት ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) እንዳለና የኮሚቱን መለያ ይነግራችኋል፣ የሚጋጭ መስመርም አይኖርም።

የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክቴ ፓኬጅ ሎክ ፋይል (የላይብረሪዎቹን ትክክለኛ ቨርዥን የሚይዘው) በኮንፍሊክት ተሞላ ላልከኝ፦

በእጅህ አታስተካክለው። መጀመሪያ ፓኬጅ ጄሰኑን (የምትፈልጋቸው ላይብረሪዎች የተዘረዘሩበትን ፋይል) አስተካክል፣ ከዛ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» የሚለውን ትዕዛዝ ስጥ፣ ሎኩን ራሱ ይሰራዋል፣ ቴስቱን አሂድና ኮሚት አድርግ።

የአንድሮይድ ቨርዥን ኮድ (ፕሌይ ስቶር አዲሱን እትም ከድሮው የሚለይበት ሙሉ ቁጥር) እንዳይጋጭ በቀን መስጠት ጀምረን አንዱ በኛ አቆጣጠር ሌላው በፈረንጅ ጻፈው፣ አሁን ፕሌይ ስቶር እምቢ አለን ላላችሁት፦

አዲሱ ከድሮው መብለጥ አለበት፣ 2025 ብሎ የሚጀምር ከገባ በኋላ 2017 ብሎ የሚጀምር ያንሳል። ወደኋላ መመለስ የለም፣ በፈረንጁ ቀጥሉ። ጣሪያው 2100000000 ስለሆነ ከዓመት፣ ወርና ቀን ቀጥሎ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው የሚገባላችሁ፣ ደቂቃ ልጨምር ያለ እንዳይኖር።

የ1.5.0ን ታግ ፑሽ ካደረግኩ (ወደ ጋራ ሰርቨሩ ከላክሁ) በኋላ የተሳሳተ ኮሚት ላይ መሆኑን አየሁ፣ ላንቀሳቅሰው ወይ?

አታንቀሳቅሰው። ቀድሞ ፌች ያደረገ (ከሰርቨሩ ያወረደ) ሰው ማሽን ላይ የድሮው እንዳለ ይቀራል፣ እንደገና አንድ ስም ሁለት ነገር ሆነ። 1.5.1 ብለህ አዲስ አውጣ። ግን የክፍያ ሲስተም ነው ብለሃል፣ ሪሊዙን የሚይዘውን ሰው ሳታናግር ምንም ነገር አትንካ፣ ይህን የምለው ለወጉ አይደለም፣ ሌሊት ብቻህን አትሞክረው፣ አሁን ደውልለት።