«ዲግሪ ይዘሽ ፊልተር ታጥቢያለሽ?»

ሰንጋ ተራ ባለ አንድ የባንክ ሕንፃ ውስጥ የሰርቨር ክፍሉን ኤሲ የምትከታተል ወጣት ጽፋልኛለች። ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ምህንድስና ነው የተመረቀችው። አባቷ «ዲግሪ ይዘሽ ፊልተር ታጥቢያለሽ?» እያሉ እዚያው ባንክ ቢሮ እንድትገባ ይወተውቷታል። የቢሮው ደሞዝ ትንሽ ይሻላል። ማስተርስ ልጀምር ወይስ ውጭ አገር ልሞክር ብላም ጠይቃለች።

እህቴ፣ እኔም ሥራ የጀመርኩት የማቀዝቀዣ ቱቦ በመበየድ ነው። አባትሽን አከብራለሁ፤ ግን ተሳስተዋል።

ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙቀት ይሆናል። ያንን ሙቀት የሚያወጣው አንቺ የያዝሽው ኤሲ ነው፤ እሱም መብራት ይበላል። ክፍሉ በጠቅላላ የሚወስደው ኃይል ሰርቨሮቹ ለሚወስዱት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ፒዩኢ ይባላል። 2 ከመጣ፣ ለሰርቨር ከሚሄደው እኩል ለማቀዝቀዣና ለመሳሰለው እየወጣ ነው ማለት ነው።

ክፍሉ 17 ዲግሪ ላይ እንደሚያዝ ነግረሽኛል። አሽሬ የሚባለው የሙያው ማኅበር ወደ ሰርቨር ለሚገባው አየር የሚመክረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው። አለቃሽ ዲግሪውን ከፍ ማድረግ መፍራታቸው እውነት አላቸው፤ ሰርቨር ቢቆም የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ቴርሞስታቱን አትንኪ፤ መጀመሪያ ለኪ። ሰርቨሮቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ፣ ራኩ፣ ፊት ለፊት ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ቴርሞሜትር ለጥፊ። እኔ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የላይኞቹ ሰርቨሮች ጋሉ ተብሎ ሦስተኛ ኤሲ ተገዛ። ጥፋቱ ራኩ ላይ የቀሩት ባዶ ቦታዎች ነበሩ፤ ከኋላ የወጣው ሙቅ አየር በዚያ ሾልኮ ወደ ፊት ይመለስ ነበር። ክፍተቱን በቆርቆሮ ደፈንነው፣ አዲሱን ኤሲ አጠፋነው። ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ፋኑን ማዘግየት ይቻላል፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ሳይነሳ በውጭ አየር ማቀዝቀዝ የሚቻልበት ሰዓት ብዙ ነው። አየሩ ግን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የግንባታው አቧራ ደግሞ አለ፤ ፊልተሩ ሲደፈን ፋኑ ይለፋል። ይህንን ሁሉ አስልቶ የሚያስታርቅ መሐንዲስ ያስፈልጋል። አባትሽ የናቁት ፊልተርም የዚሁ ስሌት አካል ነው።

የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያ የምትሸፍኚው አንቺ ነሽ። አባትሽን የሚያስጨንቃቸው ይህ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን አስሉ፤ ክፍያውንም ተካፈሉት። ጎረቤት ምን ይላል ከሆነ ግን፣ ጎረቤት ክፍያውን አይከፍልላቸውም። ማስተርሱ ይደርሳል። ውጭ አገሩንም ቢያንስ የአንድ ዓመት ልኬት በእጅሽ ከያዝሽ በኋላ አስቢው።

ሰኞ ከኤሌክትሪሻኑ ክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን አቅፎ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚለካውን መሣሪያ፣ ተዋሺ። የኤሲዎቹን መስመር ጠዋትና ከሰዓት ለኪ፣ ለአንድ ወር መዝግቢ። ክፍተቱን ደፍነሽ እንደገና ለኪ። ልዩነቱን ወደ ብር ቀይሪውና ቀን ለአለቃሽ፣ ማታ ለአባትሽ አሳዪ።